የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቡፌ ውስጥ የተዘጋው ሰርቨር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ዕቃዎቹን ሲሸጥ አነስተኛ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ገዛሁና ሊኑክስ ጭኜ የቤተሰቡ ሰርቨር አደረግኩት። ሁለት ትልልቅ ሃርድ ዲስኮች አሉት። የልጆቼ ፎቶግራፎች፣ የባለቤቴ የሥራ ሰነዶች፣ ከካሴት የተገለበጠው የሟች አባቴ ድምፅ፣ ሁሉም የሚቀመጡት እዚያ ነው። ሰርቨሩ ያለው ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው ቡፌ ነው፤ ከጎኑ የዋይፋይ ራውተሩ፣ የዲሽ ሪሲቨሩና ስታቢላይዘሩ አሉ። ቡፌው የመስታወት በር አለው፤ አቧራ እንዳይገባበትም ሰርቨሩ ዳንቴል ለብሷል። ከየካቲት ወዲህ ከሰዓት በኋላ ፋኑ ሲጮኽ ይቆይና ኮምፒዩተሩ ራሱን ያጠፋል። የዲስኮቹ ሙቀት 57 ዲግሪ፣ የፕሮሰሰሩ ደግሞ ከ90 በላይ ደርሶ አይቻለሁ። ጥገና ቤት ወስጄ ፋኑ በትልቅ ተለወጠልኝ፤ እኔም ቡፌው ውስጥ በዩኤስቢ የሚሠራ ማራገቢያ ጨመርኩ። ከጩኸቱ በቀር የተለወጠ ነገር የለም። በውኃ የሚያቀዘቅዘውን መሣሪያ ልግዛ ወይስ ሰርቨሩን ልቀይር?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አይግዙ። ከሁሉ አስቀድመው፣ አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈቱ፣ የአባትዎን ድምፅና የልጆችዎን ፎቶግራፎች ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡና ዲስኩን ከሰርቨሩ ርቆ በሚገኝ ቦታ ያስቀምጡ። ለብዙ ዲስኮች አምራቾቹ የሚፈቅዱት ከፍተኛ የሥራ ሙቀት 60 ዲግሪ ነው፤ 57 ማለት እዚያው ጫፍ ላይ መኖር ማለት ነው። በዚያ ላይ ኮምፒዩተሩ በሥራ መካከል በድንገት በጠፋ ቁጥር እየተጻፈ የነበረ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። የሚገለብጡት በጠዋት፣ የቡፌው በር ተከፍቶ ይሁን።

ወደ ሙቀቱ ስንመለስ፣ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ችግሩ ያለው ከኮምፒዩተሩ ሳጥን ውጭ ነው። ኮምፒዩተር ከግድግዳ የሚስበው ኤሌክትሪክ በሙሉ ለማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው። 45 ዋት የሚወስድ ሰርቨር ቀንና ሌሊት 45 ዋት የምትሰጥ ትንሽ ምድጃ ነው ብለው ያስቡት። የሰርቨሩ ፋን ሥራ ይህን ሙቀት ከብረት ሳጥኑ አውጥቶ ወደ ቡፌው ማስተላለፍ ነው፤ ቡፌው ግን ዝግ በመሆኑ የወጣው ሙቅ አየር ዞሮ በዚያው ፋን ይሳባል። እርስዎ የጨመሩት ማራገቢያም ያንኑ አየር ከማሽከርከር ያለፈ ሊያደርግ አልቻለም። ጭስ በሞላበት ማድ ቤት ውስጥ በሩን ዘግቶ በሰፌድ ቢያራግቡ ጭሱ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይወጣም።

ይህን ግምቴን ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ሊያረጋግጡ ይችላሉ። ነገ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በሩ እንደተዘጋ የዲስኮቹንና የፕሮሰሰሩን ሙቀት ይመዝግቡ፤ ከዚያ በሩን ከፍተው፣ ዳንቴሉን አንሥተው፣ ሌላ ምንም ሳይነኩ 9 ሰዓት ላይ እንደገና ይመዝግቡ። ሰርቨሩ በሁለቱም ጊዜ ተመሳሳይ ሥራ ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ ንጽጽሩ ያሳስታል። የዲስኮቹ ሙቀት በ5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ምክንያቱ ቡፌው ነው። ካልወረደ ወደ ኮምፒዩተሩ ውስጥ እንገባለን፤ እሱንም ከታች አነሣዋለሁ። ዳንቴሉን በተመለከተ፣ የቤት ጌጥ መሆኑን አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ ሰርቨር ላይ ሲሆን አቧራን አይከለክልም፤ ፋኑ አቧራውን የሚስበው በፊትና በጎን ባሉት ቀዳዳዎች ነውና። ዳንቴሉ የሚያደርገው የሳጥኑ ክዳን በራሱ ሊያስወጣ የሚችለውን ጥቂት ሙቀት መያዝ ነው። ከቡፌው አናት ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ቢነጠፍ ያምራል።

አሁን ምን ያህል አየር እንደሚያስፈልግ እናስላ፤ ፋን የሚሸጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይነግሩን ይህን ነውና። በባሕር ጠለል ላይ ያለ ሰው ዋቱን በ3 አባዝቶ፣ ሊታገሠው በሚችለው የሙቀት ጭማሪ ቢያካፍል በሰዓት የሚያስፈልገውን አየር በሜትር ኩብ ያገኛል። እኛ ግን የምንኖረው 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ክብደቱ በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ፋኑ ያንኑ መጠን አየር ቢያንቀሳቅስም አየሩ ተሸክሞ የሚሄደው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ዋቱን በ4 ያባዙ። የእርስዎን ሰርቨር 45 ዋት፣ ራውተሩንና ሪሲቨሩን በአንድ ላይ 20 ዋት ብንል ድምሩ 65 ነው። የቡፌው አየር ከሳሎኑ በ8 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ከፈለጉ፣ 65 በ4 ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል በሰዓት 33 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ለባሕር ጠለል ግን 25 ገደማ ይበቃ ነበር። ስታቢላይዘሩን ከሒሳቡ ያወጣሁት ከቡፌውም እንዲወጣ ስለምፈልግ ነው፤ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ሌት ተቀን ይሞቃል፤ ውጭ መሆኑ ለእርሱም ይበጀዋል።

ይህ የከፍታ ነገር የመጽሐፍ ወሬ እንዳይመስልዎት። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨር ክፍሎች ባወጣው መመሪያ፣ እስከ 35 ዲግሪ በሚደርስ ክፍል እንዲሠሩ ለተፈቀደላቸው ሰርቨሮች፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከተፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀነሳል። ለአዲስ አበባ ሲሰላ 5 ዲግሪ ያህል ነው። በካርቶኑ ላይ 35 የተጻፈለት ሰርቨር እኛ ዘንድ 30 ብለን ልንቆጥርለት ይገባል ማለት ነው። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ሳሎን በመጋቢት ከሰዓት ወደዚያ ቁጥር መቅረቡን፣ ዝግ ቡፌ ደግሞ ማለፉን ለማወቅ ቴርሞሜትር የሚያስፈልገው ሰው ያለ አይመስለኝም።

33 ሜትር ኩብ ሲባል ብዙ ይመስላል እንጂ አንድ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ምንም ሳይጋረድበት በመደበኛ ፍጥነቱ ሲዞር በሰዓት ከ80 ሜትር ኩብ በላይ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ወንፊቱ፣ ጠባቡ ቀዳዳና የገመዱ ጥልፍልፍ ግማሹን ቢወስዱበት የተረፈው ይበቃዎታል። ቁም ነገሩ አየሩ የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ መኖሩ ነው። የቡፌው ጀርባ ብዙውን ጊዜ ስስ ኮምፐርሳቶ ስለሆነ ማንኛውም አናጢ በትራፓኖና በክብ መቁረጫ በሩብ ሰዓት ይበሳዋል። ከጀርባው ላይኛ ጥግ 12 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ይበሳና ፋኑ አየር ወደ ውጭ እንዲያስወጣ ሆኖ እዚያ ይታሰር፤ መግቢያው ደግሞ ከታች፣ ከቻሉ በፊት በኩል፣ ከመውጫው ያላነሰ ስፋት ይኑረው። መስታወቱን መንካት ካልፈለጉ የበሩን የታችኛውን ጣውላ ወይም የቡፌውን ወለል መብሳት ይቻላል፤ ወለሉ ከተበሳ ቡፌው በእግሮቹ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ቡፌውን ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ያርቁት። ይህን ርቀት ችላ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቆመ ቀዳዳ ግን ቀዳዳ አይባልም።

ፋኑ ወዴት እንደሚነፍስ ሳያረጋግጡ አይግጠሙት። በብዙ ፋኖች ጎን ላይ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ፤ ከሌለ፣ መሐሉን ደግፈው የያዙት ቀጫጭን እግሮች ባሉበት ፊት በኩል አየሩ ይወጣል። ከተገጠመ በኋላ ከሶፍት ላይ የጣት ስፋት ያለው ቅዳጅ ቀድደው መግቢያው አጠገብ ይያዙት። ቅዳጁ ወደ ቀዳዳው ከተሳበ መልካም ነው። ከዚያ በበሩ ዙሪያ፣ በገመድ መግቢያዎቹ፣ በፋኑ ጠርዝ ይዞሩና ይሞክሩት፤ በፋኑ ጠርዝ በኩል ወደ ውስጥ የሚሳብ ከሆነ የወጣው ሙቅ አየር በዚያው እየተመለሰ ነውና ክፍተቱን በስፖንጅ ይድፈኑት። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ፋን ገጥሜ፣ ሁለቱም በተቃራኒ ጎን አየር እያስወጡ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሲሻሙ ሁለት ወር ቆይተዋል። ዲስኮቹ በሁለቱ መካከል ምንም አየር ሳይደርሳቸው ኖሩ፤ አንደኛው ተበላሽቶ ነው ምክንያቱን የፈለግሁት። ያን የሶፍት ቅዳጅ ያኔ ባውቀው ኖሮ ዲስኩ በተረፈ ነበር። ጥገና ቤት የተለወጠልዎትን ፋንም በዚሁ መንገድ እንዲፈትሹት የምለምንዎት ለዚህ ነው።

ጩኸትን በተመለከተ፣ ትልቅና ቀርፋፋ ፋን ከትንሽና ፈጣን ይመረጣል። ለኮምፒዩተር የሚሠራው ፋን በ12 ቮልት የሚዞር ነው፤ በ5 ቮልት ከዩኤስቢ ሲሠራ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ድምፁም ከዚያ ጋር ይጠፋል ለማለት ይቻላል፤ የሚያንቀሳቅሰው አየር ግን አብሮ ስለሚቀንስ ሙቀቱ ካልወረደልዎ በ12 ቮልት ያሠሩት። አንዳንድ ፋን ግን በ5 ቮልት መነሣት ስለሚያቅተው ሱቁ ውስጥ አስሞክረው ይግዙ።

ከዚህ በኋላ ወደ ኮምፒዩተሩ ውስጥ እንግባ። ከቢሮ የወጣ፣ ሦስት ዓመት ደግሞ እርስዎ ቤት የቆየ ኮምፒዩተር ሲከፈት ምን እንደሚታይ ከልምድ አውቀዋለሁ። ሂትሲንክ በሚባሉት የአሉሚኒየም ክንፎችና በፋኑ መካከል አቧራ እንደ ባዘቶ ተነጥፎ ይገኛል፤ በጣት ሲነሣ አንድ ላይ ተያይዞ ይላቀቃል። ቡና በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጤስበት ሳሎን ውስጥ የኖረ ከሆነ ደግሞ አቧራው ደረቅ ሆኖ አይቀርም፤ ጭሱ ስለሚያጣብቀው በብሎወር ብቻ አይለቅም፤ በለስላሳ ብሩሽ መታሸት አለበት። የቡናው ሥነ ሥርዓት ይቅር አልልም፤ ረከቦቱና ከሰሉ ግን ከቡፌው መግቢያ ቀዳዳ ፊት ለፊት አይሁኑ። ሲያጸዱ ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፤ በብሎወር በሚነፉበት ጊዜም የፋኑን ክንፍ በጣትዎ ይያዙት፤ በኃይል ከዞረ ኩሽኔታው ይጎዳል።

በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ያለው ተርማል ፔስትም በእርስዎ ኮምፒዩተር ዕድሜ ደርቆ እንደ ኖራ የሚፈረፈር ሳይሆን አይቀርም። በአልኮል በተነከረ ጥጥ ሁለቱንም ፊት አጥርተው፣ አነስ ያለች የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሐሉ ላይ አድርገው ሂትሲንኩን ይጫኑበት። ብዙ መቀባት አያቀዘቅዝም፤ የፔስቱ ሥራ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለችውን የማትታይ ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲቃረቡ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ያም ካልበቃ ይጠፋሉ። የእርስዎ ኮምፒዩተር ሲጠፋ የነበረው ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ፎቶግራፍና ሰነድ ለሚያቀብል ሰርቨር ደግሞ ሙሉ ፍጥነት አያስፈልግምና ባዮስ ውስጥ (ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ገብተው ፕሮሰሰሩን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነውን ተርቦ የሚባለውን ቢያጠፉት ልዩነቱን ቤተሰቡ አያስተውለውም፤ ሙቀቱ ግን ይወርዳል።

ዲስኮቹ ተደራርበው ተቀምጠው ከሆነ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ጣት ክፍተት ይኑር፤ የሳጥኑ የፊት ፋንም ወደ እነርሱ ይንፈስ። ስንት ዲግሪ ላይ ላድርሳቸው ለሚለው፣ ከ30 እስከ 45 ባለው ውስጥ ካሉ ደስ ይበልዎት። ከዚያ በታች ለማውረድ ገንዘብና ጩኸት መጨመር አያስፈልግም። የጉግል መሐንዲሶች በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ ሙቀት ሲታሰብ የነበረውን ያህል ከዲስክ መበላሸት ጋር እንዳልተያያዘ፣ ጉዳቱ በግልጽ የታየውም በጣም በጋሉትና ዕድሜያቸው በገፋው ላይ እንደሆነ አሳይተዋል። የእርስዎ ዲስኮች ሁለቱንም ያሟላሉ፤ 57 ዲግሪና ቢያንስ ሦስት ዓመት። ስለዚህ ነው ስለ ግልባጩ አጥብቄ የተናገርኩት።

በውኃ ስለሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ደግሞ፣ ውኃው ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወስዶ ራዲያተር ላይ ያደርሰዋል፤ ራዲያተሩም መልሶ የሚሰጠው ለዚያው ለቡፌው አየር ነው። ዲስኮቹን ከነጭራሹ አይነካቸውም። ፓምፕ ይጨምርብዎታል፤ ቢያፈስም የሚያፈሰው እነዚያ ካሴቶች የተገለበጡበት ሳጥን ውስጥ ነው። የአንድ ፋንና የአናጢ ዋጋ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። ራስበሪ ፓይ 4 የምትባለውን ትንሽ ኮምፒዩተር በፕላስቲክ ሳጥኗ እንዳለች መደርደሪያ ላይ አድርጌ ለፋይል ማስቀመጫና ቪዲዮ ለማጫወት እጠቀምባታለሁ። ጠዋት ደህና ትሠራና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እየተጎተተች ትሄዳለች። ቤቴ ኤሲ የለውም።

መልስ፦ ራስበሪ ፓይ 4 ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ የራሱን ፍጥነት ይቀንሳል፤ የሚያዩት መጎተት ይህ ነው። ክፍልዎ 35 ዲግሪ ሲሆን ጠዋት በ25 ዲግሪ ከነበረው ላይ 10 ዲግሪ እንዳለ ይጨመራል፤ ማንኛውም ፋንም ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። እርስዎ ያሉበት ከተማ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየሩ መሳሳት ከአዲስ አበባ ያነሰ ነው፤ ፋን ብትገጠም በደንብ ትረዳዎታለች። መጀመሪያ የፕላስቲኩን ክዳን አንሥተው ይሞክሩት። ከዚያ ሳጥኑን በአሉሚኒየም ይለውጡ፤ የሚመረጠው ከውስጡ የወጣ ብረት በስስ ተርማል ፓድ አማካይነት ቺፑን የሚነካው ዓይነት ነው። ያን ጊዜ ሳጥኑ በሙሉ ሂትሲንክ ሆኖ ያገለግላል፤ ድምፅም የለውም። ያ ካልበቃ በ5 ቮልት የምትዞር ትንሽ ፋን ይጨመርበት። ቪዲዮ መቀየርንና ግልባጭ መሥራትን የመሳሰሉ ከባድ ሥራዎች ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲጀምሩ በፕሮግራም ይያዙ። አዲስ ለመግዛት ካሰቡ፣ ለራስበሪ ፓይ 5 የተሠራለት ማቀዝቀዣ ፋኗን ቺፑ 50 ዲግሪ ሲደርስ ያስነሣና በየደረጃው እያፈጠነ 75 ላይ ሙሉ ፍጥነት ያደርሳታል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ። ጩኸቱ ልጆቹን ስለሚቀሰቅስ ትንሿን ሰርቨሬን ኮርኒስ ውስጥ ላስገባት አስቤያለሁ። ቦታው ሰፊ ስለሆነ አየር አያንሳትም ብዬ ነው።

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ከኮርኒስ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ያለው አየር ፀሐይ በወጣ ቀን ከመኖሪያ ክፍሉ እጅግ ይሞቃል፤ ስፋቱ ይህን አያስቀረውም። አይጥ ገመድ ይበላል፤ በክረምት ደግሞ አንድ የላላ ምስማር ለውኃ በቂ ነው። እሳት ቢነሣ ቶሎ የሚያየው ሰው የለም። ጩኸቱን ለማራቅ የሚያስፈልገው ሌላ ክፍል ነው፤ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ሲግናሉን ሳያጣ ስለሚሄድ ሰርቨሯ ከራውተሩ አጠገብ መሆን የለባትም። የከሰዓት ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ የቱ እንደሆነ ይለዩና፣ ኮሪደር ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ባለ ክፍት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጧት።